የ2043 ፋሲካ እና የሒሳብ ተማሪው ኮድ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ ሒሳብ ዲፓርትመንት ከሚገቡ ተማሪዎች መካከል ልባቸው ኮምፒውተር ላይ ያለ ጥቂት አይደሉም። ምኞታቸው የቴክኖሎጂው ግቢ፣ ፖሊ፣ ገብተው ሶፍትዌር መማር ነበር፤ ውጤትና ምደባ ወደ ሒሳብ አመጣቸው። ከዚያ በኋላ የሚይዙት መንገድ ይታወቃል፦ ኮርሱን ለግሬድ ያህል ይማራሉ፣ ፕሮግራሚንጉን ደግሞ ማታ ማታ ከዩቲዩብ ይለቅማሉ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ የምርቃት ቀን ይደርሳል።

እኔ የምመክረው ፕሮግራሚንግን እዚያው ሒሳቡ ውስጥ እንድትማሩት ነው። ድረ ገጽም ሆነ አፕ መሥራት ማንም ትጉህ ሰው ሊማረው ይችላል፤ ተማሩት፣ እንጀራ ነው። የሒሳብ ተማሪ ብቻውን ይዞ የሚመጣው ሙያ ግን አንድ ፕሮግራም የት ላይ እንደሚሳሳት፣ ለምን እንደሚሳሳት፣ መቼ ደግሞ ፈጽሞ ሊሳሳት እንደማይችል በእርግጠኝነት መናገር መቻል ነው። ይህን በደፈናው ከማውራት አንድ ሥራ ይዞ እስከ ጥጉ መከተል ይሻላል። ለዚህ የሚሆን ሥራ ደግሞ ጣና ዳር ላለ ተማሪ ሩቅ አይደለም።

በጎጃምና በጎንደር የአብነት ጉባኤ ቤቶች ባሕረ ሐሳብ ይሰጣል። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለቅዱስ ድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ የዘመን ቁጥር፣ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባና ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያለ ወረቀት፣ በቃል ያወጣል። በዩኒቨርሲቲው ቋንቋ ስንጠራው ሙሉ በሙሉ የሞዱሎ ስሌት ነው፤ ቁጥርን አካፍሎ ትርፉን ብቻ መያዝ ማለት ነው። የነምበር ቲዎሪ ኮርስ ላይ ‹‹ይህ ለምን ይጠቅማል?›› የሚል ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ከግቢው ውጭ በየደብሩ ሲነገር የኖረ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከዓመተ ዓለም ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይጨመራል፤ 2018 ዓ.ም. እንግዲህ 7518 ይሆናል። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። ትርፉ 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ከሆነ ዮሐንስ ነውና ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው። መስከረም 1 በምን ዕለት እንደሚውል ለማወቅ ዓመተ ዓለሙና ያ 1879 ይደመሩና ለ7 ይካፈላሉ፤ 9397 ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ትርፉ 1 ሲሆን ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ 3 ሲሆን ሐሙስ እያለ ይቀጥላል፤ 0 ሰኞ ነው። የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር።

ቀጥሎ 7518 ለ19 ይካፈላል፤ 13 ይተርፋል። ከዚህ 1 ሲቀነስ የሚገኘው 12 ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ትርፉ ብቻ ሲያዝ) አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይገኛል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ሲገደፍ 12፤ 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ሲገደፍ 18። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው። አሁን የዕለት ተውሳክ፣ ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ ይመጣል፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር፣ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ትገባለች፤ በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን 30 ይቀነስና ወሩ ወደ የካቲት ይሻገራል። ለ2018 ነነዌ ጥር 25 ነች። ፋሲካ ከነነዌ 69 ቀን በኋላ ነውና ሚያዝያ 4 ይሆናል።

ይህን ወደ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መገልበጥ ሃያ መስመር ያህል ሥራ ነው። ፈንክሽኑን ጽፋችሁ 2017ን ስትሰጡት ሚያዝያ 12፣ 2018ን ስትሰጡት ሚያዝያ 4 ይላችኋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ላፕቶፑን ይዘጋል። የሒሳብ ተማሪው ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው።

ትርፉ 0 የሆነበትን ዓመት እንውሰድ። 2005 ዓ.ም. 7505 ነው፤ 7505 ለ19 እኩል ይካፈላል። ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ −1 ይመጣል። የባሕረ ሐሳብ መምህር እዚህ ቦታ ወንበር 18 እንደሆነ ያውቃል፤ ኮዱ ግን ካልተነገረው አያውቅም። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ −1 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ −19 ይወጣል፤ ሲ የተካፋዩን ምልክት ተከትሎ ትርፉን አሉታዊ ያደርገዋልና። ‹‹ጥቅምት −19›› የሚል ቀን ስታዩ ትደነግጣላችሁ፣ ታርማላችሁ። ፓይተን ግን ትርፉን ሁልጊዜ የአካፋዩን ምልክት ያስይዘዋል፤ −19 በ30 ሲገደፍ 11 ይላል። ትክክለኛው መጥቅዕ 12 ነው። 11 ደግሞ እንደ ቀን የሚያስጠረጥር ነገር የለውም።

ይባስ ብሎ የመጨረሻው መልስ አይሳሳትም። ጥቅምት 12 ቀን 2005 ሰኞ ነው፤ ተውሳኩ 6፣ ድምሩ 18። ኮዱ የያዘው ጥቅምት 11 እሑድ ነው፤ ተውሳኩ 7፣ ድምሩ ያው 18። ቀኑ በአንድ ሲጎድል ተውሳኩ በአንድ ይጨምርና ስሕተቱ ይዋጣል። ነነዌ የካቲት 18፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27፤ ልክ ነው። 1948ንም፣ 1967ንም፣ 1986ንም ብትሞክሩ ልክ ይመጣል። 2024ንም እንዲሁ። ከዚያ 2043 ይደርሳል። በዚያ ዓመት ጥቅምት 12 ቅዳሜ ነው፤ ተውሳኩ 8፣ ነነዌ የካቲት 20፣ ፋሲካ ሚያዝያ 29። ኮዱ ግን ጥቅምት 11ን፣ ዓርብን ይዞ ተውሳክ 2 ይወስዳል፤ ነነዌን የካቲት 13 ያስገባል፣ ፋሲካን ሚያዝያ 22 ያውላል። ሙሉ አንድ ሳምንት ይሳሳታል። ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ተውሳኩ ከ2 ወደ 8 የሚዘልበት ያ አንድ ስንጥቅ ነው ስሕተቱን ያሳለፈው።

እንግዲህ ስንት ዓመት ብንፈትሽ ይበቃል? ‹‹ብዙ›› የሚለው መልስ አይሆንም። ትርፉ በ19 ዓመት ይደጋገማል። የዕለታቱ አቆጣጠር በ28 ዓመት ይደጋገማል፤ 28 ዓመት ሲታከል ዓመተ ዓለሙ በ28፣ የአራተኛው ድርሻ በ7 ያድጋሉ፣ ድምራቸው 35 ደግሞ ለ7 እኩል ይካፈላል። 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ አጠቃላዩ ዑደት 19 ጊዜ 28፣ 532 ዓመት ነው። ባሕረ ሐሳብ ይህንኑ ዐቢይ ቀመር ይለዋል። የፕሮግራሙ መልስ የሚወሰነው ዓመቱ በዚህ ዑደት ውስጥ ባለው ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ 532ቱን ዓመታት አንድ በአንድ ከሌላ ነጻ ስሌት ጋር ካመሳከራችሁ ያ ምርመራ ሙሉ ፕሩፍ (የሒሳብ ማረጋገጫ) ነው፤ አንድም ዓመት አልቀረም። ነጻ ስሌት ሲባል ለምሳሌ የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ1800 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የፋሲካ ቀመር በጁልያን አቆጣጠር ወስዶ ቀኑን ወደ እኛው መመለስ ነው። እዚያም ውስጥ 19 እና 30 ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ።

የተሳሳተው ኮድ በዚህ ዑደት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳትም ሳታሄዱት መቁጠር ይቻላል። ትርፋቸው 0 የሆነ ዓመታት 28 ናቸው። 19 እና 28 ስለማይጋሩ እነዚህ 28 ዓመታት በዕለታቱ ዑደት ላይ ሳይደራረቡ እያንዳንዷን ቦታ አንዳንድ ጊዜ ይይዛሉ፤ ጥቅምት 12 በእያንዳንዱ የሳምንት ቀን 4 ጊዜ ይውላል፣ ቅዳሜም 4 ጊዜ። ስሕተቱ በ532 ዓመት 4 ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ዓመት በዘፈቀደ አንስታችሁ ብትፈትሹ የማግኘት ዕድላችሁ ከ133 አንዱ ነው።

አሁን ወደ ፕሩፉ ልግባ፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ጣዕሙ እዚህ ነው። ብዙ ተማሪ ኮዱን ለመጠበቅ የሚያስገባው ፍተሻ ‹‹አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሁኑ›› የሚል ነው። ትክክለኛ ሕግ ነው፤ 11 ጊዜ ወንበርና 19 ጊዜ ወንበር ሲደመሩ 30 ጊዜ ወንበር ነው፣ በ30 ሲገደፍ ዜሮ። ግን ይህ ለማንኛውም ቁጥር የሚሠራ ስለሆነ −1ንም ያሳልፈዋል፤ 19 እና 11 ሲደመሩ 30 ናቸው። ፍተሻው ስሕተቱን ሊይዝ አይችልም። የሚይዘው የትኞቹ መጥቅዖች ሊኖሩ እንደሚችሉ ማወቅ ነው። 19 በራሱ ሲባዛ 361፣ በ30 ሲገደፍ 1 ነው፤ በሞዱሎ 30 የ19 ተገላቢጦሽ ራሱ 19 ነው ማለት ነው። ስለዚህ መጥቅዕ 11 የሚሰጥ ወንበር ካለ፣ 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29 መሆን አለበት። ወንበር ግን ከ18 አያልፍም። መጥቅዕ 11 የለም። በዚሁ መንገድ 14 ወንበር 26ን ይጠይቃል፤ እሱም የለም። ሕጉ ‹‹ከ14 ከበለጠ፣ ካነሰ›› ብሎ እኩል ሲሆን ምን ይደረግ እንደሆነ ሳይናገር ማለፉ ምክንያት አለው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ መጀመሪያ ከዓመተ ዓለሙ 1 ቀንሱ፣ ከዚያ ለ19 አካፍላችሁ ትርፉን ያዙ። 7504 ለ19 ሲካፈል ትርፉ 18 ነው፤ በሲም በፓይተንም ያው። ሌላም ጥግ አለ። ወንበር 0 ሲሆን፣ ለምሳሌ በ2006 እና በ2025፣ መጥቅዕ 0 ይወጣል፤ 30 ተብሎ መስከረም 30 መባል አለበት። ጥቅምት 0 ብሎ ቢይዘውም ፋሲካው አይበላሽም፣ ቀኑን ለሰው ካሳያችሁት ግን ነውር ነው። በ2031 ደግሞ መጥቅዕ 24፣ ዕለቱ ሰኞ፣ ድምሩ ልክ 30 ነው። ‹‹ከ30 ካለፈ ቀንስ›› የሚለውን በሞዱሎ የጻፈ ሰው 30ን ወደ 0 ይለውጠዋል፤ ነነዌ ጥር 30 መሆኗ ቀርቶ ጥር 0 ትሆናለች።

ይህን ያህል የቆየሁበት ምክንያት ሁሉም ነገር በውስጡ ስላለ ነው፦ ነምበር ቲዎሪ፣ የቋንቋዎች ልዩነት፣ ፈተናና ፕሩፍ የት እንደሚገናኙ። ከዚህ በኋላ የሌሎቹን ኮርሶች ነገር በአጭሩ እላለሁ።

ባሕረ ሐሳብ በሙሉ ቁጥር ይሄዳል። ካልኩለስ ግን ነጥብ ያለው ቁጥር ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እነዚህን የሚይዘው በ53 ቢት ትክክለኛነት ብቻ ነው፣ ወደ 16 አሃዝ ያህል። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ማለቱን ሁሉም ሰው አይቶታል፤ ጉዳቱ ግን ያን ያህል አይታይበትም። ጉዳቱ የሚታየው ተቀራራቢ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ነው። ያልታወቀውን ቀ ብለን ቀ² − 100000000ቀ + 1 = 0ን በተለመደው የኳድራቲክ ቀመር ፍቱት። ትንሹ መልስ 0.00000001 ያህል ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን 0.00000000745 ይላል። ሩብ ያህሉ ጠፍቷል። የካሬ ሥሩ ከ100000000 ጋር ከመመሳሰሉ የተነሳ ሲቀናነሱ ልዩነቱን የያዙት አሃዞች ቀድመው ተጠጋግተው አልቀዋል። መድኃኒቱ ከአልጀብራ ነው፦ የሁለቱ መልሶች ብዜት 1 ስለሆነ፣ ትልቁን መልስ በመደመር አግኝታችሁ 1ን ለእሱ አካፍሉ። ቀመሩ ያው ሆኖ የአሠራሩ መንገድ ውጤቱን እንደሚለውጥ ማወቅ የነሜሪካል አናሊሲስ ግማሹ ነው።

ዴሪቬቲቭን በልዩነት ስታሰሉም እንዲሁ ነው። እርምጃውን ባሳነሳችሁ ቁጥር ይሻሻላል ብላችሁ እስከ 10⁻¹⁶ ብታወርዱት፣ በ1 ነጥብ ላይ ያለው ዴሪቬቲቭ ዜሮ ይሆናል፤ 1 ላይ 10⁻¹⁶ ሲጨመር ለማሽኑ ያው 1 ነውና። በአንድ ወገን ልዩነት ጥሩው እርምጃ 10⁻⁸ አካባቢ ነው። ይህን በሠንጠረዥ አውጡት፤ ስሕተቱ ሲወርድ ሲወርድ ቆይቶ ተመልሶ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩት።

ሙሉ ቁጥርም በሲ ውስጥ ወሰን አለው። 12 ፋክቶሪያል 479001600 ነው፣ በ32 ቢት ይገባል። 13 ፋክቶሪያል 6227020800 ነው፣ አይገባም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት 1932053504 ነው። ፓይተን ሙሉ ቁጥርን እስከፈለጋችሁት ያሳድጋል፤ ለነምበር ቲዎሪ ፓይተንን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሊኒየር አልጀብራ ላይ የምለው አንድ ነው። ዲተርሚናንትን በኮፋክተር መዘርዘር 3 በ3 ላይ ቆንጆ ነው። 20 በ20 ላይ የቃላቱ (የተደማሪዎቹ) ብዛት 20 ፋክቶሪያል፣ 2.43 ጊዜ 10¹⁸ ያህል ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቃል የሚያወጣ ማሽን 77 ዓመት ይፈጅበታል። የጋውስ ማጥፊያ ግን ከ3000 በታች በሆነ ማባዛት ይጨርሰዋል፤ ማሽኑ ሳይሞቅ። እኩልታዎችን በዲተርሚናንት የሚፈታውን ክሬመርስ ሩልን ለፕሩፍ ያዙት፣ ለኮድ ተዉት። ስታጠፉ ደግሞ በየዓምዱ በፍጹም ዋጋ ትልቁን ቁጥር ወደ ላይ አምጡ፤ ይህን ያልጻፈ ኮድ ፒቮቱ (የሚያካፍልበት ቁጥር) ዜሮ ሲሆን ይቆማል፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ ሳይቆም የተበላሸ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው ይከፋል።

ሪል አናሊሲስን ‹‹ለኮድ የማይሆን ፕሩፍ ብቻ›› ብለው የሚሸሹት አሉ። በጣም አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ሉፕ መቼ ይቁም የሚለው ጥያቄ የዚያ ኮርስ ጥያቄ ነው። ‹‹በተከታታይ ድምሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.000001 ሲያንስ አቁም›› ብላችሁ 1 + 1/2 + 1/3 እያላችሁ ደምሩ። ሉፑ ከሚሊዮን እርምጃ በኋላ ይቆምና 14.39 ይላችኋል። ድምሩ ግን ወሰን የለውም፤ የትም አይደርስም። ተከታታይ ቃላት መቀራረባቸውና ሁሉም የኋለኞቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሒሳብ ሊቁ ኮሺ ያስተማረን ያንን ነው። ኢንዳክሽንም እንዲሁ፦ ሉፕ ሲዞር የማይለወጠውን ነገር ለይቶ መጻፍ ማለት ኢንዳክሽን መሥራት ማለት ነው። የዩክሊድ አልጎሪዝም ውስጥ ጥንዱ ይለወጣል፣ ትልቁ የጋራ አካፋይ አይለወጥም፣ ትርፉ ሁልጊዜ ስለሚያንስ ሉፑ ይቆማል። እነዚህን ሦስት ሐሳቦች ከኮዱ በላይ በአማርኛም ቢሆን በኮመንት ጻፏቸው።

ወደ ሐይቁ ልመለስ፤ የሲኒየር ፕሮጀክት ርዕስ ፍለጋ ብዙ ሰው የሚመጣው እዚያ ነው። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ‹‹የእምቦጭ ዕድገት ሞዴል›› የሚል ርዕስ ለሒሳብ ተማሪ በጣም ቅርብ ነው። የተለመደው ሎጂስቲክ ቀመር ነው፦ ዕድገቱ ካለው አረም ብዛትና ከቀረው ባዶ ቦታ ጋር ይመጣጠናል። በተመቸው ጊዜ በ14 ቀን እጥፍ ይሆናል ብለን ብንነሳ የዕድገቱ መጠን 0.693 ለ14 ሲካፈል፣ በቀን 0.0495 ነው። ይህንን በኦይለር ዘዴ (በየእርምጃው የአሁኑን ዕድገት እየጨመሩ ወደ ፊት በመሄድ) ስታሰሉ የጊዜ እርምጃ ትመርጣላችሁ። ወሳኙ ቁጥር የዕድገቱ መጠንና የእርምጃው ብዜት ነው። ከ1 በታች ሲሆን፣ ማለትም እርምጃው ከ20 ቀን ሲያንስ፣ መስመሩ ረጋ ብሎ ወደ ጣሪያው፣ ሐይቁ ሊይዘው ወደሚችለው ከፍተኛ የአረም መጠን፣ ይጠጋል። ከ1 እስከ 2 ጣሪያውን አልፎ እየተመለሰ ይረጋጋል። ከ2 ሲያልፍ፣ ከ40 ቀን በላይ ማለት ነው፣ መቼም አይረጋጋም።

እርምጃው 45 ቀን ቢሆን ብዜቱ 2.23 ያህል ነው፤ ግራፉ አንድ ጊዜ የጣሪያውን 117 በመቶ፣ አንድ ጊዜ 73 በመቶ እያለ ያለ ማቋረጥ ይወዛወዛል። ይህን ያየ ተማሪ ‹‹እምቦጩ በክረምትና በበጋ ይለዋወጣል›› ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ያምነዋል፤ ጣና ላይ ክረምትና በጋ እውነት ስለሆኑ። ነገር ግን በቀመሩ ውስጥ ወቅት የሚባል ነገር አልገባም። ውዝዋዜው የሐይቁ ሳይሆን የእርምጃው ነው። ለማወቅ እርምጃውን ወደ 5 ቀን አውርዱት፤ ውዝዋዜው ይጠፋል። በእውነተኛው ዓለም የሆነ ነገር እርምጃ ስለተቀየረ አይጠፋም።

ሞዴሉ ራሱም ገደብ አለው፤ መጻፍ አለበት። ነፋስ የአረሙን ምንጣፍ ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ይገፋል፤ በአንድ ቦታ መቀነሱ ሞቱን አያሳይም። የውኃው ከፍታ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ጣሪያው ቋሚ አይደለም። ሰውም ያርመዋል። ከእነዚህ አንዱን፣ ለምሳሌ የሚታረመውን መጠን፣ አንድ ቃል አድርጎ መጨመርና ምን ያህል ቢታረም አረሙ እንደሚሸነፍ መጠየቅ ለአንድ ፕሮጀክት በቂ ነው። አምስቱን አንድ ላይ መጨመር ግን የማይታወቁ ቁጥሮችን ማብዛት ነው።

ስለ መሣሪያ ጥቂት ልበል። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ሥራ አይፈታም፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይተንን የሚያሄደው ፓይድሮይድ 3 ይጫናል፣ እስካሁን ያልኩት የፓይተን ሥራ ሁሉ እዚያ ላይ ይሠራል። ነምፓይንና ሌሎቹን የፓይተን የስሌት ጥቅሎች ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ አስቀድማችሁ ጫኑ፣ ዶኩሜንቴሽኑንም አውርዱ። ማትላብ ላብ ውስጥ ከለመዳችሁ ኦክቴቭ ነጻ ነው፣ አብዛኛው ኮድ ሳይለወጥ ይሄድበታል። ከማትላብ ወደ ፓይተን ስትሻገሩ ግን ማትላብ ዝርዝርን ከ1፣ ፓይተን ከ0 እንደሚቆጥር አትርሱ፤ የማትሪክስ ኮድ ሲገለበጥ በብዛት የሚሰበረው እዚያ ነው። መብራት ሲጠፋ ረጅም ስሌት እንዳይጠፋ ሉፑ በየሺህ እርምጃው ውጤቱን ፋይል ላይ ይጻፍ፤ ሲጀምር ደግሞ ፋይሉ ካለ ካቆመበት ይቀጥል። ኮዱን ፍላሽ ላይ ብቻ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፣ የኮድን ለውጥ መዝግቦ የሚይዘውን ጊት ተማሩ።

ከማሄድ በፊት ወረቀት። ትንሽ ምሳሌ ይዛችሁ የእያንዳንዱን ቫሪያብል ዋጋ በሠንጠረዥ፣ ዙር በዙር በእጅ ሙሉ። 2005ን በባሕረ ሐሳቡ ኮድ በእጁ የሞላ ሰው ወንበር ስር −1 ሲጽፍ እጁ ይቆማል።

በአማርኛ የሚሠራ ነገር ለሚፈልግ ደግሞ ፊደሉ ራሱ የማካፈል ትምህርት ነው። በዩኒኮድ ውስጥ ሀ 4608ኛ ነው፣ እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ይይዛል። ከፊደሉ ቁጥር 4608 ቀንሳችሁ ለ8 ስታካፍሉ ድርሻው ቤቱን፣ ትርፉ ሆሄውን ይነግራችኋል። ጣ 4899 ነው፤ 291 ለ8 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ና 4755 ነው፤ 147 ለ8 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ትርፍ 0 ግእዝ፣ 3 ራብዕ ነውና ሁለቱም ራብዕ ናቸው። ቤት የሚመታ ግጥም የሚፈትሽ ፕሮግራም ለመጀመር ይህ ይበቃል። ሲ ‹‹ጣና››ን 6 ብሎ ቢቆጥርባችሁ አትገረሙ፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው።

ሪፖርት ስትጽፉ፣ መምህሩ ባይጠይቅም፣ አንድ ሠንጠረዥ አስገቡ። ሎጂስቲክ ቀመር በወረቀት የሚፈታ መልስ አለው፤ የኮዳችሁን መልስ ከእሱ ጋር በአንድ ቀን ላይ፣ ለምሳሌ በ100ኛው ቀን፣ አነጻጽሩና ስሕተቱን መዝግቡ። ከዚያ እርምጃውን በግማሽ ቀንሱና ድገሙ፣ እንደገና በግማሽ፤ ከ4 ቀን ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1፣ ከ1 ወደ ግማሽ ቀን። የቀድሞውን ስሕተት ለአዲሱ ስታካፍሉ በኦይለር ወደ 2፣ በየእርምጃው አራት ተዳፋት በሚያሰላው በአራተኛ ደረጃው ሩንጌ ኩታ ዘዴ ወደ 16 መጠጋት አለበት። ሩንጌ ኩታ ጽፌያለሁ ብላችሁ 2 ካገኛችሁ፣ ግራፉ የቱንም ያህል ቢያምር ኮዱ ውስጥ የተሳሳተ መስመር አለ፤ ለምሳሌ ሁለተኛው ተዳፋት በግማሽ እርምጃው ላይ መሰላት ሲገባው በመነሻው ላይ ተሰልቶ ሊሆን ይችላል።